አገጭ ላይ የማይወርድ ማስክ፦ ለሰፈር ሰው በቤታችን እንዴት እንደምንሰፋ

ሰላም ጅማዎች፣ ሌሎቻችሁም እንደዚሁ። መጋቢት 4 ቀን 2012 የመጀመሪያው የኮሮና ታማሚ አገራችን ውስጥ ተገኘ ከተባለ ወዲህ የስፌት መኪናዬ ሲንጀር አላረፈችም፣ እስከ ነሐሴ ዝናቡም አላቆመ እኔም አላቆምኩ፣ ለእድራችን፣ ለሰፈር ሱቆች፣ ሐሙስ ሐሙስ የጅማ መርካቶ ለሚውሉ ጉልት ቸርቻሪዎች፣ ለባጃጅ ልጆች ስሰፋ ነበር። ሰው ደሞ ሲያየኝ "እንዴት ነው የሚሰፋው አሳይኝ" ይል ነበር፣ ሁሉንም ቤቴ ሰብስቤ እንዳላሳይ መሰብሰቡ ራሱ ነበር ችግሩ፣ ስለዚህ አንዴ በደንብ ልጻፈውና የፈለገ እያየ ይስፋ ብዬ ነው።

መጀመሪያ ግን የራሴን ጉድ ልንገራችሁ። የመጀመሪያ ዙር 40 ማስክ ነው የሰፋሁት፣ ወፍራም ከሆነ ምንም አያልፍም ብዬ ውጪውን ካኪ፣ ውስጡን ያረጀ ጅንስ አድርጌ፣ ስፌቱ ደሞ ምን የመሰለ፣ መርፌ ሁለት ሰብሬበታለሁ። አከፋፈልኩ። በሳምንቱ ሐሙስ ገበያ ስወጣ ማስኮቼን አየኋቸው፣ ሁሉም አገጭ ላይ። አንዱ የባጃጅ ልጅ ቆም አርጎኝ ምን አለኝ መሰላችሁ፣ "እህቴ ማስክሽ ቆንጆ ነው ግን ወይ እሱ ይተንፍስ ወይ እኔ"። ሳቅኩ ግን ማታ ስተኛ እሱን ነበር የማስበው። አገጭ ላይ ያለ ማስክ እኮ ጨርቅ ማባከን ነው። ከዛ በኋላ የሰፋኋቸው ሁሉ አንድ ጥያቄ ይዤ ነው፦ ይሄን ሰውየው ቀኑን ሙሉ ሊያረገው ይችላል ወይ? ከዚህ በታች ያለው ሁሉ ከዛ ጥያቄ የመጣ ነው።

ጨርቁ

ጨርቅ ላይ ጊዜ ውሰዱ፣ ስፌቱ ቀላል ነው፣ የሚያበላሸው ጨርቁ ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት ግንቦት 28 ቀን 2012 ባወጣው መመሪያ የጨርቅ ማስክ ሶስት ድርብ ይሁን ይላል። ፊት የሚነካው ውስጠኛው ጥጥ፣ ምክንያቱም ከአፍ የሚወጣውን እርጥበት እንዲመጥ፣ ውጪኛው ደሞ እርጥበት ቶሎ የማይቀበል ፖሊስተር ወይም ፖሊስተር የተቀላቀለበት፣ መሀሉ ላይ ፖሊፕሮፒሊን የሚባለው ያልተሸመነ ነገር። ስሙ አያስደንግጣችሁ፣ ያ ጨርቅ የሚመስለው ሱቅ ውስጥ እቃ የሚይዙበት ቦርሳ አለ አይደል፣ ስትቀዱት እንደ ወረቀት የሚቀደደው፣ ብዙውን ጊዜ እሱ ነው። አዲስ፣ ነጭና ጽሑፍ ያልታተመበት ከሆነ ይሆናል፣ እቃ የተያዘበትን ግን እንዳትጠቀሙ። ካጣችሁት መሀሉንም ጥጥ አርጉት፣ በሱ ምክንያት ስራ አይቁም።

በእኛ ቋንቋ ስናወራው፣ ለውጪ ቴትሮን ወይም የሸሚዝ ጨርቅ፣ ለውስጥ ፖፕሊን ወይም ጥሩ የአልጋ አንሶላ። ያገለገለ አንሶላ አትናቁ፣ ስለታጠበ ለስልሷል ቆዳም አይኮሰኩስም፣ ግን መሀል መሀሉን ሳስቶ እንደሆነ ያንን ትታችሁ ዳር ዳሩን ቁረጡ። አቡጀዲም ጥሩ ነው፣ ሳይታጠብ ግን እንደ ካርቶን ነው። ነጠላ እናርግ ያሉኝ እናቶች ነበሩ፣ በሸማ ወግ ያምራል፣ ነገር ግን ነጠላ አየሩ የሚታይ ክፍት ሽመና ነው፣ ጋቢ ደሞ አራት ድርብ ሆኖ ያፍናል። ሹራብና ቲሸርት ይለጠጣሉ፣ ሲለጠጡ ቀዳዳቸው ይከፈታል፣ ቅርጻቸውም በሁለት እጥበት ያልቃል። ጅንስና ካኪ የኔን ታሪክ ሰምታችኋል።

እርግጠኛ ካልሆናችሁ ሁለት ነገር ሞክሩ። አንደኛ ጨርቁን ወደ መስኮት ወይም ወደ አምፖል ያዙት፣ ብርሃኑ በክሮቹ መሀል እንደ ወንፊት ቁልጭ ብሎ ከታያችሁ ሳስቷል ማለት ነው። ሁለተኛ ድርቡን አፍና አፍንጫችሁ ላይ ጥብቅ አርጋችሁ ይዛችሁ ዳገት ውጡ። እኔ ጅሬን ወደ አባ ጅፋር ቤተ መንግሥት የሚወስደውን ዳገት ነው የሞከርኩበት፣ ግማሽ ሳልደርስ ማስኩን ካወረድኩ ያ ጨርቅ ውድቅ ነው። ዳገት የሌለበት ሰፈር ያላችሁ ደረጃ ውጡ፣ እሱም የለም ካላችሁ ጮክ ብላችሁ አምስት ደቂቃ አውሩበት፣ ገበያ የምትውል ሴት ስራዋ ማውራት ነው።

አንድ ነገር፣ ጨርቁን ሳትቆርጡ በፊት በሙቅ ውሃ እጠቡና ተኩሱ። ጥጥ ያጥራል። ሳታጥቡ ከሰፋችሁ አንዴ ሲታጠብ ውስጡ ይሰበሰብና ውጪው እንደ ፊኛ ይነፋል፣ የአዋቂው ማስክ ለልጅ ይሆናል።

ለስንት ሰው ስንት ሜትር? ወርዱ 150 ሴንቲ የሆነ 1 ሜትር ጨርቅ እኔ በምቆርጠው ልክ 35 ቁራጭ ይወጣዋል። ስለዚህ ለ35 ማስክ 1 ሜትር ለውጪ፣ 1 ሜትር ለውስጥ፣ ለመሀሉ 1፣ ለማሰሪያው ደሞ 2 ሜትር ያዙ። እድር ወይም ጀማዓ ገንዘብ አዋጥቶ የሚገዛላችሁ ከሆነ ይሄን ንገሯቸው፣ ውስጡና ውጪው የተለያየ ቀለም ይሁን በሉ፣ ለምሳሌ ውስጡ ሁሌ ነጭ። ሰው አውልቆ መልሶ ሲያረገው የትኛው ወገን ፊቱን እንደነካ በቀለሙ ያውቃል።

ላስቲክ ወይስ ማሰሪያ

እኔ ማሰሪያ ነው የምለው። በመጀመሪያ ላስቲክ ነበር የምጠቀመው፣ ከዛ መርካቶ ላስቲክ ጠፋ፣ የተገኘውም ዋጋው አይቀመስም፣ እሱንም ሲፈላና በረኪና ሲነካው ይዝላል፣ የዛለ ላስቲክ ያለው ማስክ እያንሸራተተ መጨረሻው ያው አገጭ ነው። ሌላው ዋናው ነገር ደሞ እዚህ ጅማ ግማሹ እናትና እህታችን ሂጃብ ለባሽ ናት፣ ሻሽ የምታስረውም ብዙ ነች፣ ጆሮ ላይ የሚንጠለጠል ላስቲክ ለነሱ ጣጣ ነው፣ ሁሌ ከሻሹ ስር እጅ ማስገባት። ማሰሪያው ግን በሻሹም በሂጃቡም ላይ ዞሮ ከኋላ ይታሰራል። ጆሮም አይቆርጥም። አዎ ለማሰር ትንሽ ጊዜ ይፈጃል፣ ግን አንዴ የታሰረ ነገር በቀላሉ ወደ ታች አይጎተትም፣ እኔ የምፈልገውም ይሄንኑ ነው።

የሚያስፈልገው

የስፌት መኪና ካለ ጥሩ፣ በእግር የምትረገጠዋ ሲንጀር ደሞ ከሁሉ ትሻላለች፣ መብራት ጠፋ አልጠፋ ግድ የላትም። መርፌዋ ቁጥር 14 ይሁን። መኪና የሌላችሁ በእጅም ይሰፋል፣ ወደፊት አንድ እርምጃ ወደኋላ ግማሽ እየመለሳችሁ ጠበቅ አርጋችሁ ስፉት። መቀስ፣ ሜትር፣ ስፒል፣ ካውያ (የከሰሉም ይሆናል፣ አመዱ ጨርቁ ላይ እንዳይረግፍ ብቻ)፣ ምልክት ማድረጊያ ደሞ ያለቀ ሳሙና ቅሪት፣ ታጥቦ ስለሚጠፋ ከእስክርቢቶ ይበልጣል። ለአፍንጫ የሚሆን ሽቦ፦ ከኤሌክትሪክ እቃ ሱቅ ውስጡ አንድ ወጥ መዳብ የሆነውን ቀጭን የመብራት ገመድ ግዙ፣ ፕላስቲኩን ሳትልጡ። በ12 ሴንቲ ቁረጡትና ጫፍና ጫፉን በፒንሳ ቆልምሙት፣ አለዚያ ጨርቁን ወግቶ ይወጣል ከዛ አፍንጫ ይወጋል። የብረት ሽቦ ተጠቅሜ ነበር፣ በሁለተኛው እጥበት ዝገቱ ነጩን ጨርቅ ቡና የደፋሁበት አስመሰለው።

መቁረጥ

ለአዋቂ ወርዱ 20 ሴንቲ ቁመቱ 19። ለልጅ፣ ማለትም ከ6 እስከ 11 ዓመት ላለው፣ ወርዱ 17 ቁመቱ 15። በካርቶን አንድ አንድ ልክ ቁረጡና እሱን እያስቀመጣችሁ በሳሙና ዙሩት፣ ሁሌ በሜትር እለካለሁ ካላችሁ አስረኛው ላይ ሲደርስ ልኩ ሌላ ሆኗል። ከእያንዳንዱ ልክ ሶስት ሶስት፦ ውጪ፣ መሀል፣ ውስጥ።

ማሰሪያው ወርዱ 4 ሴንቲ ቁመቱ 90 ሴንቲ የሆነ፣ ለአንድ ማስክ ሁለት። ለልጅ 75 ይበቃል።

ትናንሽ ልጆች ላይ ጥንቃቄ አርጉ። ከ2 ዓመት በታች ላለ ህጻን ማስክ ፈጽሞ አይደረግም፣ ይታፈናል፣ ራሱ ማውለቅ አይችልም። የዓለም ጤና ድርጅት ነሐሴ 15 ቀን 2012 ባወጣው ደሞ 5 ዓመትና ከዛ በታች ያሉት እንዲያረጉ አይገደዱም ይላል። አንዳንድ እናቶች "ለዚህ ለሚጠባውም ስፊልኝ" ሲሉኝ እምቢ እላለሁ፣ ይቀየሙኝ።

ስፌቱ

አሁን ወደ ስራው። ለአንድ አዋቂ ማስክ ነው የምናገረው።

መጀመሪያ የውጪውን ጨርቅ ፊቱ ወደ ላይ ሆኖ ጠረጴዛ ላይ ዘርጉት። በላዩ የውስጡን ጨርቅ ፊቱ ወደ ታች አርጋችሁ አስተኙት፣ ማለትም ፊትና ፊታቸው ይሳሳም። በሁሉም ላይ የመሀሉን ጫኑ። 20 ሴንቲው አግድም፣ 19ኙ ቁልቁል መሆኑን እዩ፣ እዚህ ላይ የተሳሳተ ሰው መጨረሻ ላይ ነው የሚገባው። ስፒል ውጉበት።

ከዛ የላይኛውን ጠርዝ ከዳር 1 ሴንቲ ገብታችሁ ከጫፍ እስከ ጫፍ ስፉ፣ የታችኛውንም እንዲሁ። ጎንና ጎኑን አትስፉ፣ ክፍት ይሁን። ሲጀምርና ሲያልቅ ሁለት ሶስት ስፌት ወደኋላ ተመልሳችሁ አጥብቁት። አሁን እንደ ትራስ ልብስ ሁለት ጎኑ ክፍት የሆነ ነገር ይዛችኋል። ገልብጡት፣ መሀለኛው ራሱ መሀል ገብቶ ታገኙታላችሁ። ስፌቱን በጣት ጎተት አርጋችሁ ጠርዙን አውጡና ተኩሱት። መሀሉ ላይ ያ የቦርሳው ነገር ካለ ካውያው ለብ ያለ ብቻ ይሁን፣ እሱ እንደ ፌስታል ይቀልጣል፣ አንድ ደርዘን እንዲህ አጣብቄያለሁ።

ሽቦው አሁን ነው የሚገባው። በክፍቱ ጎን በኩል አስገብታችሁ ከላይኛው ጠርዝ ስር ልክ መሀሉ ላይ ግፉትና ከስሩ፣ ከላይኛው ጠርዝ 1 ሴንቲ ወርዳችሁ፣ አግድም ስፉበት። ከዛ በሽቦው ግራና ቀኝ ጫፍ አንድ አንድ አጭር ስፌት ወደ ላይ፣ እዛው ታስሮ እንዲቀር። መርፌው ሽቦውን ካገኘው ይሰበራልና ቀስ በሉ፣ ስፌት ስር ሽቦው የት እንዳለ በጣት ዳስሱ። የታችኛውንም ጠርዝ ለውበትም ለጥንካሬም ከላይ አንድ መስመር ስፉበት።

አሁን ሽንሽኑ። ይሄ ነው ማስኩን ማስክ የሚያረገው፣ ጠፍጣፋ ጨርቅ አፍንጫና አገጭ ላይ ሊተኛ የሚችለው በሽንሽኑ ነው። ሶስት ሽንሽን ነው፣ እያንዳንዱ ወደ ውስጥ 1 ሴንቲ ተኩል የሚታጠፍ፣ ማለት እያንዳንዱ ከቁመቱ 3 ሴንቲ ይበላል። ከስፌት በኋላ ቁመቱ 17 ነበር፣ ሶስቱ 9 በልተው ጎኑ ላይ 8 ሴንቲ ይቀራል፣ በሜትር ለክታችሁ 8 ካልመጣላችሁ ፍቱት። ለልጁ እጥፋቱን 1 ሴንቲ አርጉት፣ 7 ሴንቲ ይቀርለታል። የእጥፋቱ አፍ ከውጪ ስታዩት ወደ ታች የሚመለከት መሆን አለበት፣ እንደ ቆርቆሮ ጣራ በሉት፣ ውሃ ወደ ታች እንዲፈስ። ወደ ላይ ከዞረ አቧራውንም ጠብታውንም እንደ ኪስ ይሰበስባል። አጥፋችሁ በስፒል ያዙት፣ ተኩሱት፣ ከዛ ግራና ቀኝ ጎኑን ከዳር ግማሽ ሴንቲ ላይ ቁልቁል ስፉት። እዚህ ጋ ድርቡ እየተደራረበ ወፍራም ስለሚሆን በእግራችሁ አትርገጡ፣ የመኪናዋን ተሽከርካሪ በእጃችሁ ቀስ እያረጋችሁ አዙሩት። ብዙ ሰው መርፌ የሚሰብረው እዚች ቦታ ነው።

ማሰሪያውን አዘጋጁ። 4 ሴንቲውን ርዝመቱን ይዛችሁ መሀል ለመሀል እጠፉና ተኩሱት፣ ዘርጉት፣ መሀሉ ላይ መስመር ወጥቷል አይደል፣ ሁለቱን ዳሮች ወደዛ መስመር አምጥታችሁ እንደገና ተኩሱ፣ ከዛ ድጋሚ መሀሉን እጠፉት። አሁን ወርዱ 1 ሴንቲ የሆነ፣ አራት ድርብ የሆነ ሪቫን መሳይ ሆነላችሁ፣ ጥሬው ጠርዝ ሁሉ ወደ ውስጥ ገብቷል። ጫፎቹን 1 ሴንቲ ወደ ውስጥ እጠፏቸው። አሰልቺ ነው፣ አውቃለሁ። እኛ ቤት ይሄን ቡና እየተፈላ ነው የምንሰራው፣ አንዱ ይቆላል አንዱ ይተኩሳል።

የማሰሪያውን መሀል ፈልጉ (ሁለት እጠፉት፣ አለቀ)፣ የማስኩን ጎን መሀልም ፈልጉ፣ ሁለቱን አጋጥሙና የማስኩን ጎን በማሰሪያው እጥፋት ውስጥ አስገቡት፣ ሙሉ በሙሉ እስከ እጥፋቱ ድረስ ይግባ፣ በስፒል ያዙት። ከማሰሪያው አንዱ ጫፍ ጀምራችሁ በማስኩ ጎን አልፋችሁ እስከ ሌላው ጫፍ በአንድ መስመር ስፉ። በዚህ አንድ ስፌት ጎኑም ተዘጋ፣ ማሰሪያውም ተሰራ፣ ወደ ላይ አንድ ወደ ታች አንድ 40 ሴንቲ ገደማ የሆነ ክንድ ወጣለት። ሌላኛውን ጎን እንደዚሁ። ገልብጣችሁ ከጀርባ እዩት፣ የማሰሪያው የጀርባ ዳር ስፌቱ ያልያዘው ቦታ ካለ በእጅ አንድ ሁለት ወጋ ወጋ አርጉት፣ በመጀመሪያ እጥበት የሚተረተረው እዛ ጋ ነው።

ልክ መሆኑን ማየት

አርጉት። ላይኛው ማሰሪያ ከጆሮ በላይ አልፎ ጭንቅላት ኋላ፣ ታችኛው አንገት ኋላ ይታሰራል። ሽቦውን በሁለት ጣት አፍንጫ ላይ ቅርጹን አስይዙት፣ ሽንሽኑን ወደ ታች ጎትታችሁ አገጭ ስር አስገቡት። አሁን ተንፍሱ። መነጽር ለባሽ ከሆናችሁ እድለኛ ናችሁ፣ መነጽሩ ጭጋግ ከለበሰ ትንፋሹ በላይ እያመለጠ ነው፣ ሽቦውን አስተካክሉ። መነጽር የሌለው እጁን ጉንጩ ጋ ያድርግና ንፋስ ይሰማው እንደሆነ ይይ። አፋችሁን ክፈቱ፣ ዝጉ፣ አዛጉ፣ "ጅማ አባ ጅፋር" በሉ። ማስኩ ከአፍንጫ ከተንሸራተተ ወይ አጭር ነው ወይ ላይኛው ማሰሪያ ዝቅ ብሎ ታስሯል።

ሻማ ደሞ አለላችሁ። ማስኩን አድርጋችሁ አንድ ማስመሪያ ያህል ራቅ ካለ ሻማ ላይ እፍ በሉ። በቀላሉ ከጠፋ ጨርቁ ሳስቷል። እሳቱ ወዝወዝ ብሎ ከቆመ ጥሩ። ላብራቶሪ አይደለም ግን ለኛ ቤት ይበቃል።

ለሰፈር ሲሰፋ

ብዙ ስትሰፉ አንድ ማስክ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አትጨርሱ። ሁሉንም ቁረጡ፣ ከዛ የሁሉንም ላይና ታች ስፉ፣ ከዛ የሁሉንም ገልብጡ፣ እንዲህ እንዲህ። ጎረቤት ካገዛችሁ ስራ ተከፋፈሉ፣ እኛ ጋ አዴ (ጎረቤታችን ናቸው፣ እድሜ ይስጣቸው) መቁረጥ ይዘዋል፣ ልጃቸው ሽንሽን፣ እኔ መኪናው ላይ። ግን በረንዳ ላይ ተራራቁ፣ ማስክ አድርጉ፣ እጅ ታጠቡ። ለወረርሽኝ መከላከያ እየሰፋን ወረርሽኙን እዛው ብንቀባበል ምን ይባላል። ያሳላችሁ ትኩሳት ያላችሁ ቀን መኪናዋን አትንኩ።

ያለቀውን ሁሉ እጠቡና ተኩሳችሁ አንድ አንድ በወረቀት ጠቅልሉ። ለአንድ ሰው ቢያንስ ሁለት፣ ከተቻለ ሶስት ስጡ፣ አንዱ ፊት ላይ አንዱ ገመድ ላይ አንዱ ቦርሳ ውስጥ። ለአንድ መቶ ሰው አንድ አንድ ከመስጠት ለሃምሳ ሰው ሁለት ሁለት ይሻላል ባይ ነኝ፣ አንድ ብቻ ያለው ሰው አያጥበውም፣ ቢያጥበው ደሞ እርጥቡን ያረገዋል። በዚህ ጉዳይ ከእድር ሰብሳቢያችን ጋር ተከራክረናል፣ እሳቸው "ለሁሉ ይድረስ" ነው የሚሉት፣ አልተስማማንም፣ ጨርቅ ጨምሩልኝ ብዬ ነው ያስታረቅኩት።

አብራችሁ ደሞ ትንሽ ወረቀት አስገቡ፣ በአማርኛና በአፋን ኦሮሞ፣ ማንበብ ለማይችሉ በስዕል፦ እጅ መታጠብ፣ ማሰር፣ አገጭ ላይ ያለ ማስክ በትልቅ ኤክስ። ለማን እንደማይሆንም ንገሩ፦ ታማሚ ለሚያስታምም ሰውና ለጤና ባለሙያ የጨርቅ ማስክ አይበቃም፣ እነሱ የህክምናውን ነው የሚያረጉት። እድሜያቸው ከ60 ያለፉና ስኳር፣ ልብ ምናምን ያለባቸውም መራራቅ በማይቻልበት ቦታ የህክምናውን ቢያገኙ ነው የሚመከረው። የኛ ማስክ በዋናነት ከለባሹ አፍ የሚወጣውን ጠብታ ሌላው ላይ እንዳይደርስ የሚይዝ ነው፣ ስለዚህ ማስክ አረግኩ ብሎ ተጠጋግቶ መቆም አይሰራም።

ማጠብና ማድረቅ

ማታ ቤት ስትገቡ ፊቱን ሳትነኩ መጀመሪያ የታችኛውን ከዛ የላይኛውን ማሰሪያ ፈታችሁ አውልቁ፣ እጃችሁን ታጠቡ። ማስኩን ቢያንስ በቀን አንዴ በሳሙናና 60 ዲግሪ በደረሰ ሙቅ ውሃ እጠቡት። ቴርሞሜትር ማን አለው ካላችሁ፣ በቀዝቃዛ ውሃና ሳሙና አጥባችሁ ከዛ በድስት አንድ ደቂቃ ቀቅሉት፣ ያው ነው። ማፍላት ካልተመቻችሁ በረኪና፦ ጠርሙሱ ላይ 5 ፐርሰንት የሚል ከሆነ በ3 ሊትር ውሃ ውስጥ አንድ የቡና ሲኒ (60 ሚሊ ገደማ) ጨምሩ፣ የታጠበውን ማስክ አንድ ደቂቃ ንከሩ፣ ከዛ ሽታው እስኪጠፋ በብዙ ውሃ አለቅልቁ። በረኪናን ከሌላ የጽዳት ኬሚካል ጋር በፍጹም አትቀላቅሉ፣ መርዝ የሆነ ጋዝ ያወጣል።

በጅማ ክረምት ፀሐይ ስትወጣ ለሰላምታ ነው የምትመስለው፣ ማስክ በአንድ ቀን አይደርቅም። እርጥብ ማስክ ደሞ አየር አያሳልፍም፣ ያፍናል፣ ሰውየው ያወርደዋል፣ ይኸው ዞረን መጣን። ስለዚህ በፎጣ ጠቅልላችሁ ጨምቁት፣ ውስጥ ገመድ ላይ ስቀሉት፣ ጠዋት በካውያ ጨርሱት። ምድጃ ላይ አትስቀሉ፣ ጭስ ጭስ የሚል ማስክ አንድ ሰዓት አይቻልም፣ ሞክሬዋለሁ። ዝናብ የመታውን ማስክም ቀይሩት።

ቡና ሲጠጣስ? ይሄን ሁሉም ይጠይቃል፣ ጅማ ነው ያለነው። አንገት ላይ አታንጠልጥሉት። ከቁርጥራጩ መዳፍ የምታህል ከረጢት ስፉ፣ ፈታችሁ፣ ውስጠኛው ወደ ውስጥ እንዲሆን አጥፋችሁ እዛ ውስጥ ክተቱት፣ ሲኒያችሁን ጠጡ፣ እጅ ታጠቡና መልሳችሁ እሰሩት። ከረጢቷም ከማስኩ ጋር ትታጠብ።

በየሳምንቱ ወደ መብራት ያዙት። ክሩ ሳስቶ ብርሃን ካሳየ፣ ሽንሽኑ ከተተረተረ ወይ ሽቦው ቅርጽ አልይዝ ካለ ጊዜው አልፏል። ቀቅላችሁ ለምጣድ ማሰሻ አርጉት። ሽቦውን ግን ደህና ከሆነ አውጡት፣ እጠቡትና ለሚቀጥለው ማስክ አስቀምጡት፣ መዳብ ተወዷል።